ለዲኪል ሴቶች የሚሆን የእጅ ሥራ

ዲኪል፣ ጅቡቲ
ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ። ለአባቴ እህት፣ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለአዳዳ ጣሂራ፤ አሰበ ተፈሪ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጀርባዎስ ተሻለው? እኔ በአላህ ፈቃድ በሕይወት አለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን የሚያደርስልዎ ጫት ነጋዴው በክሪ ነው። በእጁ ስለሆነ ሳልፈራ እጽፋለሁ። ዓሊዩን «ለወንበዴ ልብስ ሰፍተሃል» ብለው ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ከወሰዱት በኋላ፣ «ቁልፍ የምትተክልለት ሚስቱ ናት» እያሉ እኔንም እንደሚፈልጉኝ ሰምተው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን በሚኤሶ በኩል ከወጣሁ ወዲህ ድምፄን አልሰሙም። መንገዱን አልተርክልዎትም። ሴት ልጅ ተገላግያለሁ፤ ሀሊማ ብያታለሁ። አባቷ መወለዷን እንኳ አያውቅም። ከቻሉ ያሰሙልኝ።

ዛሬ የምለምንዎ ግን ሌላ ነው። ሲሰሙት ይስቁብኝ ይሆናል።

እዚህ ያለነው ስደተኞች ብዙዎቻችን የዚያው የኛ አገር ሰዎች ነን፤ ከገለምሶ፣ ከቦኬ፣ ከሂርና። ወንዶቹ ድንጋይ ሲሸከሙ ይውላሉ። ሴቶቹ ዱቄት ከተቀበሉ በኋላ ሥራ የላቸውም፤ ወደ መጡበት መንገድ ዞረው ይቀመጣሉ። ከሂርና የመጣች ፋጤ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራለች። ከመጣች ጀምሮ አፈር ትዘግናለች፣ ትበትናለች፤ ደግሞ ትዘግናለች። ቃል አይወጣትም። አንድ ቀን የምሠራውን ዳንቴል ከነኪሮሹ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጣቷ ራሱ አስታወሰና መሥራት ጀመረች። አፈሩን ተወችው።

በማግስቱ ሌሎች መጡ። አሁን ከዙሁር ሶላት በኋላ በድንኳኔ ጥላ እንሰበሰባለን፤ እኔ አሳያለሁ፣ እነሱ ይሠራሉ። ችግሩ የማሳየው አለቀብኝ። ዳንቴል አሳየሁ፣ ክሩ አለቀ። ጥልፍ አሳየሁ፣ የሚጠለፍ ጨርቅ ጠፋ። ስፌት እንዳላሳይ ስንደዶና አክርማ በዚህ ድንጋይ አገር ከየት ይመጣል? ያለን የዕርዳታ ዱቄት የመጣበት ማዳበሪያ፣ የዘይት ቆርቆሮና ጥቂት የዘንባባ ቅጠል ብቻ ነው። ከዚህ ምን ይሠራል? እባክዎ አዳዳ፣ ሰው ጠይቀውም ቢሆን ሐሳብ ይፈልጉልኝ። «መጀመሪያ ይህን አድርጊ፣ ቀጥሎ ይህን» ብለው ያስረዱኝ። ሴቶቹ መጥተው ሲቀመጡ «ዛሬ ምንም የለም» ማለት ፈርቻለሁ።

ዓሊዩስ? ስንቅ ይቀበሉልዎታል?

ልጅዎ ሳፊያ


አሰበ ተፈሪ
የካቲት 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳፊያ፣ ለማላውቃት ለሀሊማም።

ይህን የሚጽፍልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው መኮንን ነው፤ ጎረቤታችን ስለሆነ ታውቂዋለሽ፣ የሚታመን ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሊጀምር ሲል «አልሐምዱሊላህ በል» አልኩት። ሁለቱንም ጽፎታል። እንግዲህ ሁለቱም ይሁን፤ መትረፍሽን ሰምቻለሁና።

ዓሊዩ አለ። እኔን ከእስር ቤቱ በር አያሳልፉኝም፤ ስንቁን ግን ይቀበሉኛል፣ ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ሳህን ሳይ ደስ ይለኛል። በልቷል ማለት ነው። ከጠባቂዎቹ አንዱ የቦኬ ልጅ ነው። በኦሮምኛ «ሚስቱ በደህና ተገላግላለች፣ ልጅቷ ሀሊማ ትባላለች በልልኝ» ብዬ ለመንኩት። ስንቁን ይዞ ገባ። ሳህኑን ሲመልስልኝ «ሰማ» አለኝ።

የእጅ ሥራውን ጥያቄሽን አሰብኩበት። እኔ ከስፌት በቀር ምን አውቃለሁ? ሰፈሩን ጠየቅሁ፤ ሁሉም የሚነግረኝ እዚያ የሌለሽን ዕቃ ነው። ስለዚህ ለባለሙያው ላክሁለት። ሳህኑን በማዳበሪያ ቁራጭ ጠቀለልኩና «ዲኪል ያሉ ሴቶች ከዚህ ምን ይሥሩ ትላለች ሚስትህ» የሚለውን በዚያው በቦኬው ልጅ አስላክሁ። እስረኞቹ የሠሩትን ለቤተሰብ ማውጣት ተፈቅዶላቸዋል። ብዙ ሳይቆይ ከማዳበሪያ ክር የተሠራች የእጅ ቦርሳ መጣችልኝ። እንዴት እንደሠራት የሚነግረኝ ስላልነበረ ከሥሯ ጀምሬ እየፈታሁ አየሁት። አደራሽን፣ ሴቶቹ ሲሠሩ እንዲህ በያቸው።

ማዳበሪያውን በስፌቱ በኩል ፍቺው እንጂ በመቀስ አትቁረጪው፤ ከተቆረጠ ክሩ አጭር ይሆናል። ክሩን ከዳር ጀምረሽ በርጋታ ምዘዢ። ስትመዢ ጣትሽን አርጥቢ፣ አለበለዚያ ይቆርጥሻል። ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ ጭንሽ ላይ ግመጂ። ከዚያ እንደ ዳንቴል በኪሮሽ ከመሐል ጀምረሽ ክብ እያደረግሽ ሥሪ፤ መዳፍ ሲያክል መጨመርሽን ተዪና ወደ ላይ አቁሚው። ማንገቻውን እንደ ሹሩባ ጎንጉኚ። ኪሮሽ የሌላት ከቆርቆሮ ማንጠልጠያ ሽቦ ጫፉን ቆልምማ ትሥራ።

መኮንን «የባል ትእዛዝ ነው ወይስ የአክስት?» ብሎ ጠየቀኝ። የሁለታችንም ነው በል አልኩት።

ዱዓዬ አይለይሽ።

አዳዳሽ ጣሂራ


ዲኪል
ሚያዝያ 27 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጣሂራ፤ ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ፣ ሰላም ለአቶ መኮንንም።

«ሰማ» የምትለውን ቃል ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ከድንኳኑ ወጣሁ። ተመልሼ ገብቼ የቀረውን ያነበብኩት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ቦርሳው ተሠራ! ጣት ማርጠቡን ባይነግሩን ኖሮ እጃችን ባለቀ ነበር። መጀመሪያ የጨረሰችው ፋጤ ናት። ሌላዋ ሴት ክሩን አላልታ ስትይዝ አይታ «ጠበቅ አድርጊው» አለቻት። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። እዚህ ከመጣች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እሷ ግን አላስተዋለችውም፤ ሥራዋን ቀጠለች።

ሳህሊቱ የምትባልም ተጨምራለች። ክርስቲያን ናት፣ የአሰበ ተፈሪ ልጅ፤ ከገበያው በላይ ሱቅ የነበራቸው ሰዎች። ባሏ የት እንዳለ አታውቅም። ስትመጣ «እኔን ታስገቡኛላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ፋጤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

አሁን ማዳበሪያ በሰልፍ የሚፈለግ ዕቃ ሆኗል፤ ቦርሳም ሁሉም ሠራ። ሴቶቹ «ባልሽ ቀጥሎ ምን አለ?» ይሉኛል። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ከሥራ ተመልሶ እቤት ያለ ሰው ይመስለኛል። እባክዎ ሌላ ይጠይቁልኝ። ፋጤ ከዘንባባ የጎነጎነችውን ጠፍር ልኬያለሁ፤ ያሳዩልኝና ዕቃው ምን እንደሚመስል ይወቀው።

ሀሊማ ትድሃለች። ድንጋዩ ጉልበቷን ላጠው።

ልጅዎ ሳፊያ


አሰበ ተፈሪ
ነሐሴ 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳፊያ። አላህ ከነልጅሽ ከክፉ ይሰውርሽ።

በክሪ ታሞ ስለነበር ዘገየሁ። ጠፍሩን አስገብቼለታለሁ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። አብሮት የታሰረ አንድ የገለምሶ ሰው ተፈቶ ቤቴ መጣ። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ጠየቅሁት። «ዓሊዩ ክፍሉን ስፌት ቤት አድርጎታል» አለኝ። መርፌ ነክተው የማያውቁ ገበሬዎች፣ አስተማሪዎች፣ የመስጊድ ሽማግሌ ሳይቀሩ ሹራብ ይሠራሉ አሉ። መርፌው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ያሾሉታል። ክሩ ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ ነው። አንድ ሰው ማልቀስ ሲጀምር ዓሊዩ አያባብለውም አሉ፤ «ና ይህን ክር ያዝልኝ» ይለዋል።

«ልጅ ተወልዳለች ሲባልስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስንት ወር ሆናት? ብሎ ሁሉንም ጠየቀ። ልጅ ያላቸው ሰዎች እግሯ ይህን ያህላል፣ የለም ይህን ያህላል እያሉ በጣታቸው እየለኩ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሽማግሌው የለኩት ተወሰደ» አለኝ። ካልሲዋን ይኸው ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ከብርድ ልብሱ ጫፍ ተርትሮ ነው የሠራት። ይህችን አልፈታኋትም።

ለሴቶቹ የሚሆነው ደግሞ ዶቃ ነው። እስረኞቹ ከሚደርሳቸው ዳቦ ውስጡን በትንሽ ውሃ ለውሰው እስኪለሰልስ ያሹታል። ከዚያ እንደ ሽምብራ እያድበለበሉ በሽቦ ይበሱታል። ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ሻይ ውስጥ ቢነከር ይቀላል፣ ከሰል ቢቀባ ይጠቁራል። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፤ አንዱን ነክሼ ጥርሴን አሞኛል።

እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሪ እየተባልኩ ነው። በዚህ ዕድሜዬ! አስተማሪያችን የልጅ ልጄ የምትሆን ናት፤ «እማማ ጣሂራ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» ትለኛለች።

አዳዳሽ ጣሂራ


ዲኪል
ጥቅምት 30 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጣሂራ፤ እጅዎን እስማለሁ።

በዚህ እሳት አገር የሱፍ ካልሲ! ግን አደረግሁላት። ሽማግሌው ትንሽ አሳንሰው ለክተዋል፤ ተረከዟ ላይ ይጠብቃል። ላወልቅላት ስል ጮኸችብኝ። ስትተኛ አውልቄ ሴቶቹ ካልሲዋን ተቀባብለው አዩዋት፤ ሳህሊቱ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ «ወንድ ነው የሠራው?» አለችና አፏን ይዛ ቀረች።

የዳቦው ዶቃ ግን ሊያስገርፈኝ ነበር። «ዳቦ ለጌጥ?» ብለው ተነሱብኝ። ፋጤ አስታረቀችን፤ ከወንዙ አሸዋ ሥር ጭቃ ቆፍራ አምጥታ በዳቦው ፈንታ እሱን አደረግነው። እሳት ውስጥ ስናስገባው መጀመሪያ ፈነዳ። ቆይተን፣ ብዙ ቀን ጥላ ውስጥ ካደረቅነው እንደማይፈነዳ ደረስንበት። ይህን ለዓሊዩ ይንገሩልኝ፤ የኛም ሐሳብ ወደዚያ ይግባ። የገለምሶው ሰውዬ የነገርዎትን ደግሞ ለሴቶቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ አንዷ ልታለቅስ ስትል «ነይ ይህን ክር ያዥልኝ» እንባባላለን።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስካሁን የሚሠራ ነገር የጠየቅሁት ለጓደኞቼ ነው። አሁን ለራሴ እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ አልመርጥም። የሚለበስም ይሁን የሚያዝ፣ ለሌላ ሰው የማላሳየው አንድ ነገር ይሥራልኝ። ይህን ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ሳፊያ


አሰበ ተፈሪ
ሚያዝያ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳፊያ። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የቆየሁት መንገዱ ስላልተመቸ ነው፤ እኔም ትንሽ አሞኝ ነበር።

ለሴቶቹ ሙዳይ አሳዪ። ስንደዶ ከሌለ የዘንባባውን የቅጠል አከርካሪ ሰንጥቀሽ ለመሐሉ አድርጊ፤ መጠቅለያው ራሱ ቅጠሉ ይሁን። ቅጠሉን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው፤ ሳይርስ አይታጠፍም። ወስፌ ባይኖር የተሳለ አጥንት ይበቃል። ሲጀመር እንደ ቀንድ አውጣ ጠምዝዢው፤ መጀመሪያው ከላላ ሙሉው ላልቶ ይቀራል። ክዳኑን ከአፉ በስንዝር ሩብ አስፊው። ቀለም ከፈለጋችሁ የጨርቅ ቅዳጅ እየጣላችሁ ስፉ።

ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስድ ይሻላል።

ሀሊማን ሳሚልኝ። ራስሽን ጠብቂ። ብዪ።

አዳዳሽ ጣሂራ


ዲኪል
ሐምሌ 5 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጣሂራ፤ አሰላሙ አለይኩም።

ሙዳዩን አሳይቻለሁ፤ ሠርተውታል፣ ጥሩ ነው። ደብዳቤዎን ግን አንብቤ አንብቤ አልጠገብኩም፤ የምፈልገው እዚያ ውስጥ የለምና። ይህ የእርስዎ ስፌት ነው፤ በልጅነቴ እግርዎ ሥር ተቀምጬ ያየሁት ነው። ዓሊዩ የት አለ? «ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ» የምትለው እንኳ የለችም። ታሟል? ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል? እጁን አመመው? በክሪን ስጠይቀው «እኔ የጫት ሰው ነኝ፣ ከተማው ውስጥ ብዙ አላድርም» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው የታሰረ ነበር።

ተቆጥቼ አይደለም። እርስዎን ተቆጥቼ የት እደርሳለሁ? ግን ሌላ የምነግርዎ አለ። ሰዎች ከመንግሥት ተልከው መጥተው ነበር። ለተሰደደ ሁሉ ምሕረት ተደርጓል፣ የሚመለስ በባቡር ይሳፈራል፣ ማንም አይነካውም አሉ። ብዙው ሰው አላመነም። እኔ ግን ተመዝግቤያለሁ። ከተመዘገብኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባያስገቡኝም ከበሩ ላይ ቆሜ ስንቁን እኔ አቀብላለሁ፤ እርስዎ ጀርባዎን ያሳርፋሉ። ሀሊማን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ከያዝኳት ከግቢው ውስጥ የሚያያት አይጠፋም።

ሳህሊቱ «አትሂጂ» ትለኛለች። ፋጤ ስንቄን የምይዝበት ቦርሳ እየሠራችልኝ ነው። የምንሳፈረው ከመስከረም በኋላ ነው ብለዋል። ከዚያ በፊት አንድ ቃል ይላኩልኝ፤ ታሞ ከሆነ መድኃኒት ከዚህ ይዤ ልምጣ።

ልጅዎ ሳፊያ


አሰበ ተፈሪ
ነሐሴ 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለፋጤ፣ የሂርናዋ፤ ዲኪል።

ፋጤ ልጄ፣ አታውቂኝም። እኔ የሳፊያ አክስት ጣሂራ ነኝ። ማንበብ ካልቻልሽ ሳህሊቱ ታንብብልሽ። በክሪን ከሳፊያ ደብቀህ ለፋጤ ስጥ ብዬዋለሁ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ታገሡኝ።

ዓሊዩ የለም።

በታኅሣሥ ነው። ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ያ የቦኬ ልጅ በሩ ላይ ነበር። ዓይኔን አላየም። «አዳዳ ጣሂራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዓሊዩ አታምጪ» አለኝ።

«አዛወራችሁት?» አልኩት።

«አታምጪ» አለኝ።

«ይህን ብቻ አስገባለት፣ ትኩስ ነው» አልኩት።

ሳህኑን በሁለት እጁ ወደ እኔ መለሰው። ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። ሁሉም ያውቁታል፣ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ። ምግቡን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሳህኑ ገና ይሞቅ ነበር።

በኋላ ከዚያ የተፈታ ሰው ነገረኝ። ጠዋት ስም ጠሩ። ዓሊዩ ሹራብ እየሠራ ነበር። ለሚስቴ ነው ይል ነበር አሉ። ሲጠሩት መርፌውን ከነሥራው አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠና «የሹራቡ ዓይን እንዳይወልቅብህ» አለው። ከዚያ ወጣ።  ሹራቡ የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ጠይቄ ጠይቄ አጣሁት።

ሬሳ አልሰጡም። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው አሉኝ። ጎረቤት እሳት ለመጫር፣ ጨው ለመበደር እየመሰለ አንድ አንድ እያለ መጣ። አንዷ እጄን ጨብጣ «ጨው አለሽ?» ትለኛለች፤ እንባዋ ይወርዳል። እኔ አላለቀስኩም። ግድግዳው ስስ ነው።

ለምን እስካሁን አልነገርኩም? መርዶ በወረቀት አይነገርም። ልጅ የምታጠባ ሴት ብቻዋን ድንኳን ውስጥ እንዴት ታንብበው? ሰው ልላክ አልኩ፤ በክሪ «ጫት እሸከማለሁ፣ ይህን አልሸከምም» አለኝ። መኮንን እንዲጽፈውም አልፈለግሁም። የቤተሰብ ቃል ነው፣ የቤተሰብ እጅ ይጻፈው ብዬ ፊደሉን ጠበቅሁ። አሁን ግን ልትመጣ ነው። ቀበሌ ጠሩኝ። «ያቺ ቁልፍ ተካይዋ መቼ ነው የምትገባው? ምሕረት ተደርጎላት የለም?» አለኝ ሰውየው ፈገግ ብሎ። መዝገብ ከፍቶ ስሟን አሳየኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁ። ከስሟ ጎን «ትፈለጋለች» ይላል።

ፋጤ ልጄ፣ አደራ። አንቺ ልጅ ቀብረሽ የምታውቂ ነሽ። ብቻሽን አትንገሪያት፣ ሴቶቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። ጠዋት ይሁን፣ ቁርሷን ከበላች በኋላ። ሀሊማን አንዷ ትያዝላት። ትጩኽ፣ አታስቁሟት። እኔ ያልጮህኩትንም ትጩኽ። ባቡሩ ላይ ግን አታሳፍሯት።

ጣሂራ


ዲኪል
ኅዳር 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጣሂራ።

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ያጥናዎ፣ እኔንም ያጥናኝ።

ነግረውኛል። እንዴት እንደነገሩኝ ይወቁ።

ጠዋት ነበር። ዱቄት ለመቀበል ልወጣ ስል ሳህሊቱ መጥታ «ዛሬ ቆይተሽ ትሄጃለሽ፤ መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ። የያዘችው ቂጣ ከራሷ ድርሻ ነበር። አብራኝ ተቀምጣ እስክጨርስ አየችኝ። ከዚያ ሴቶቹ መጡ። የጥላው ሰዓት አልነበረም፤ አንዳቸውም ሥራ አልያዙም። የያዙት ነጠላቸውን ብቻ ነው። አንዷ ሀሊማን ከጭኔ አነሳች። ያኔ ገባኝ። ፋጤ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ ሁለት ጉልበቴን ያዘችና «ሳፊያ፣ የኔ እህት፣ ዓሊዩ አልፏል» አለችኝ። 

«መቼ?» አልኳት።

«ታኅሣሥ።»

ታኅሣሥ! እኔ ጥር ላይ፣ የካቲት ላይ ለሴቶቹ «ባሌ አዲስ ነገር ይልክልናል» እያልኩ ነበር። ለራሴ ይሥራልኝ ብዬ የጻፍኩት ከዚያ በፊት ነው። ቃሌ ከሞቱ በፊት እንደደረሰው ያወቅሁት ሹራቡን ለሚስቴ ነው ይል ነበር ብለው በመጻፍዎ ነው። አሰምተውልኛል ማለት ነው። አላህ ይስጥዎ። ከዚህ ሌላ የምይዘው የለኝም።

ጮህኩ አዳዳ። እንዳሉት አላስቆሙኝም። ከጎረቤት ድንኳኖች ሰው ወጣ። እዚህ ክልክል የሚል የለም። ከዚያ ከቦኬ የመጣች አንዲት ሴት የወንድሟን ስም ጠርታ ጮኸች። ከገለምሶ የመጣች የአባቷን። ሳህሊቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ስለ ባሏ የማታውቀውን ሁሉ በእንጉርጉሮ አወጣችው። ፋጤ ልጆቿን በስማቸው ስትጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት፤ ስማቸውን ማንኛችንም አናውቅም ነበር። እኔ ለቅሶዬ የብቻዬ መስሎኝ ነበር። አገራቸው ላይ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ ሁሉ በኔ ሐዘን አለቀሱ። በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ኋላ ግን ደገፈኝ።

ወንዶቹ ከዙሁር በኋላ ሬሳው በሌለበት የሚሰገደውን ሰላተል ጋኢብ ሰገዱለት። ለተዕዚያው፣ ለሐዘኑ፣ ተቀመጥን። ሳህሊቱ ሻይ ስታፈላ ሰነበተች።

ከዚያ መመዝገቢያው ጋ ሄጄ ስሜን አስፋቅሁ። ጸሐፊው ጅቡቲያዊ ልጅ ነው፤ ቀና ሳይል «ምክንያት?» አለኝ። «ባሌ ሞቷል» አልኩት። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያወጣሁት ለዚያ ለማላውቀው ልጅ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። 

እስካሁን መርፌ አልያዝኩም። ጥላው ሥር የምታሳየው ፋጤ ናት፤ ልጆቹ ራስ ላይ የሚደፉትን ከዘንባባ የተሰፋ ባርኔጣ ራሷ አስባ አውጥታለች። ዳር ተቀምጬ አያለሁ። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ነገር አይፈልጉልኝ። እዚህ ያለነው እንፈልጋለን።

አሁን የምጠይቅዎ እርስዎን ነው። ይምጡ። ያን መዝገብ ያሳየዎ ሰው እኔ ሳልመጣ ስቀር እርስዎ ጋ ይመጣል። ቤቱን ለማን ነው የሚጠብቁት? ልቅሶዎን አፍነው እዚያ ስስ ግድግዳ ሥር መኖር የለብዎትም። በክሪን ተማጽኜዋለሁ፤ «ይህን እሸከማለሁ» ብሎኛል። ከሚኤሶ በባቡር ያመጣዎታል፤ ድንበሩ ሲደርስ ግን የቀረው መንገድ በእግር ነው። በጠዋት በጠዋት ትጓዛላችሁ። ስንቅ እሱ ይይዛል። ለመኮንንም ቢሆን ምንም አይንገሩት፤ ባያውቅ ይሻለዋል።

ድንኳናችን ትንሽ ነው፤ ሀሊማን መሐል እናስተኛለን። ድንጋዩ ስለት ነው፤ ወፍራም ጫማ ያድርጉ።

ልጅዎ ሳፊያ